የአዲስ ጠመንጃ ጠርዝና የሠሪው ዕዳ

አንድ መሣሪያ ለመጉዳት ታስቦ የተሠራ ከሆነ፣ ሠሪው ካሰበው ውጪ ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም የሚለው ጥያቄ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሕግ አስቀድሞ የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ ነው። ጉዳዩን በቅርብ ለመመርመር ሾትገንን፣ ማለትም በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን እርሳሶችን የሚበትነውን የአደን ጠመንጃ፣ ገና አዲስ ሳለ መመልከት ይጠቅማል።

ከፋብሪካ በወጣ አዲስ ጠመንጃ ላይ እጅ የሚቆርጥ ጠርዝ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የፍሬዛው፣ ማለትም ብረት የሚቀርጸው ማሽን፣ መቁረጫ ብረቱን እየፋቀ ሄዶ ጠርዙ ላይ ሲደርስ፣ የመጨረሻውን ስስ ብረት ቆርጦ በመጣል ፈንታ ወደ ውጪ ገፍቶ ያጥፈዋል፤ ይህ ዐይን በቀላሉ የማያየው፣ ጣት ግን ወዲያው የሚያውቀው ትራፊ ስለት ካልተሞረደ በቀር ጥይት በሚጎርስበት ቀዳዳ ዙሪያና በምላጩ መከለያ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ እንዳለ ይቀራል። ጥይቱን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ወደ ካዝናው የሚያስገባው አዳኝ ቆዳው የሚላጠው እዚሁ ላይ ነው። በ1814 በለንደን የተመሠረተውን ፐርዲን በመሳሰሉ የጠመንጃ ሠሪ ቤቶች የሚሠሩ ባለሙያዎች የጠመንጃውን ክፍሎች የመብራት ጥላሸት እየቀቡ፣ የሚነካካውን ቦታ ከጥላሸቱ አሻራ እየለዩ በሞረድ ሲያስማሙ ስለኖሩ፣ እጅ ሳይደርስበት የሚቀር ጠርዝ እምብዛም አልነበረም። በገፍ በሚመረተው ጠመንጃ ላይ ግን የእጅ ሥራ ዋጋ ያስወጣልና፣ ወጪ ሲቀነስ ቀድሞ የሚነካው ይህ የመጨረሻ ማለስለስ ነው።

እንዲህ ላለ ያልተጨረሰ ሥራ ማን እንደሚጠየቅ ለመለየት አንድ ጥንታዊ ሕግ ይረዳል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ወድቆ የሚሞት እንዳይኖርና የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል። በዚያ አገር ጣራ ጠፍጣፋና የዕለት ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነበር፤ የኢያሪኮዋ ረዓብም ሰላዮቹን የሸሸገችው ጣራዋ ላይ በረበረበችው የተልባ እግር ውስጥ ነው። የሕጉ ልዩ ነገር ማንም ሰው ከመውደቁ በፊት፣ ቤቱ ገና አዲስ ሳለ፣ ዕዳውን በሠሪው ላይ ማኖሩ ነው፤ ወደ ጣራው የሚወጣው እንግዳ ራሱ ይጠንቀቅ አላለም። በታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ሊቃውንት ክርክርና ፍርድ በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ረቢ ናታን ከዚሁ ቃል ተነሥቶ ክፉ ውሻ ማሳደግንና የተናጋ መሰላል በቤት ማቆየትን ከለከለ። በ1204 ያረፈው ሙሴ ማይሞኒደስም ለሕይወት የሚያሰጋ ማንኛውም ነገር በዚህ ትእዛዝ ውስጥ እንደሚገባ ጽፏል። እርግጥ ነው፣ የተላጠ አውራ ጣት ከጣራ ወድቆ እንደ መሞት አይደለም፤ መነሻቸው ግን አንድ ነው፣ እርሱም ሠሪው ሥራው አለቀ ብሎ እጁን ያነሣበት ቦታ ነው።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ጣራ የሚያስጠልል ነገር ነው፤ ጠመንጃ ግን የሚገድል ስለሆነ ጠርዙን ማለስለስ ዋናውን ጉዳት ትቶ በጥቃቅኑ መጨነቅ ነው የሚል ነው። ሚሽና፣ ማለትም የታልሙድ መሠረት የሆነው የቃል ሕግ ስብስብ፣ የመሠዊያ ድንጋይ በብረት የማይነካበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ብረት የሰውን ዕድሜ ለማሳጠር፣ መሠዊያ ደግሞ ለማርዘም መፈጠሩን ስለሚናገር፣ ተቃዋሚው ከዚያም ድጋፍ ሊያገኝ ይችላል። ሆኖም ክርክሩ አይጸናም። የጦር መሣሪያን መያዝ የሚፈቀድ ከሆነ፣ የሚፈቀደው ጉዳቱ በባለቤቱ ውሳኔ ተመርቶ ወደታሰበው ብቻ ስለሚሄድና ለውሳኔውም የሚጠየቅ ሰው ስላለ ነው፤ ያልተሞረደ ጠርዝ ግን ማንም ሳይወስን አዳኙንም፣ ጠመንጃውን የሚወለውለውን የቤት ልጅም ይቆርጣል። ስለዚህ ያልታሰበውን ጉዳት ከታሰበው ጋር አነጻጽሮ የሚንቅ ሠሪ፣ መሣሪያው የተፈቀደበትን ወሰን ራሱን ያፈርሳል።

ሠሪው የተወውን ገዢው ራሱ ሞርዶ ይጨርሰው ማለትም ቀላል መፍትሔ አይደለም። በጠመንጃው ሆድ ውስጥ መቺውን፣ ማለትም ጥይቱን የሚያፈነዳውን ክፍል፣ ወጥሮ የሚይዝ ጥርስ አለ፤ የዚህ ጥርስ ጠርዝ እንደ ስለት ቀጥ ብሎ መቆየት አለበት፤ ሳያውቅ በሞረድ ያዶለዶመው ሰው፣ መሬት ሲወድቅ ወይም ሲነካ ራሱ የሚተኩስ ጠመንጃ በቤቱ አስቀመጠ ማለት ነው። የውጪውን ጠርዝ ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ ጠመንጃ ላይ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ማለስለስ ይቻላል፤ ውስጡ ግን የባለሙያ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚያውቀው ደግሞ ሠሪው እንጂ ገዢው አይደለም።

ይህ ሲባል ገዢው ነጻ ነው ማለት አይደለም። የኦሪት ዘዳግም ጥንታዊ ማብራሪያ የሆነው ሲፍሬ የመከታውን ትእዛዝ ቤት በሠራው ላይ ብቻ ሳይወስን፣ በገዛው፣ በወረሰውና በስጦታ ባገኘውም ላይ ያጸናዋል። በዚህ አካሄድ ጠርዙ እንደሚቆርጥ እያወቀ ጠመንጃውን ለሌላ የሚሸጥ ወይም የሚያውስ ሰው፣ የመጀመሪያው ሠሪ ከተወው ዕዳ ጋር የራሱን ዕዳ ይጨምራል፤ የእርሱ መጠየቅም የሠሪውን አያቀልለውም።