የአቤሜሌክ በለስ

ብዙ ዘመን በባዕድ አገር የቆየ ሰው ወደ ተወለደበት ስፍራ ሲመለስ፥ አገሩን ሌላ ሆና ያገኛታል። በዚያን ጊዜ፥ የተለወጠው ማን ነው፤ አገሪቱ ናት ወይስ እኔ? ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው እርሱ በሌለበት በሆነው ነገር ላይ ይፈርድ ዘንድ ይገባዋልን? የሚል ነው።

በተረፈ ባሮክ እንደ ተጻፈ፥ ኤርምያስ አቤሜሌክን በለስ ያመጣ ዘንድ ላከው፤ እርሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት አርፋለሁ ብሎ 66 ዓመት ተኛ። ነቅቶ ወደ ኢየሩሳሌም በገባ ጊዜ፥ ከተማዪቱን አላወቃትምና መንገድ የሳተ መሰለው። አንድ ሽማግሌም ሕዝቡ ወደ ባቢሎን እንደ ተማረከ ቢነግረው፥ ሽማግሌን ማቃለል ነውር ባይሆን ኖሮ ሊስቅበት ወደደ። በለሱ ግን ዛሬ እንደ ተቀጠፈ ሁሉ ገና ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር።

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ የሚሆን አንድ ሰው ይነሣ፤ በቆቃ ያደገ፥ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ተሰዶ አርባ ዓመት በአሜሪካ የኖረ ነው። ሲመለስ በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው የፍጥነት መንገድ ላይ ክፍያ ቢጠየቅ፥ «በገዛ አገሬ መንገድ ደግሞ ልክፈል?» ብሎ ተቈጣ። በአሜሪካ ሳለ ግን ይህንኑ ክፍያ አንድ ቀን እንኳ ሳያጕረመርም ከፍሏል። «ናዝሬት አድርሰኝ» ቢል፥ ሾፌሩ «አባባ፥ አዳማ ማለትዎ ነው?» አለው። እርሱም የጥንቱን ስም አጠፉብኝ ብሎ አዘነ። ዳሩ ግን ናዝሬት የሚለው ስም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከገሊላ ከተማ ተወስዶ የተሰጠ ነው፤ ከዚያ በፊት አገሬው አዳማ ይለው ነበር። አዲስ ነው ብሎ የተቈጣበት ስም፥ አሮጌ ነው ብሎ ከሚያለቅስለት ይልቅ አሮጌ ነው።

በከተማው ሲዘዋወር በላቲን ፊደል የተጻፈ ሰሌዳ አየ። እንግሊዝኛ መስሎት ደጋግሞ ቢያነበው አልገባ አለው፤ አርባ ዓመት የተናገርሁት እንግሊዝኛ ጠፋብኝን? ብሎ አፈረ። አንድ ሕፃን ቆሞ አይቶት «ማና ባሩምሳ» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብለት ግን ወዲያው ተረዳው፤ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ኦሮምኛ በዚህ ፊደል የትምህርትና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሆኗል። እርሱም በልጅነቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ቋንቋውን ሰምቶት ነበርና፥ ዓይኑ የማያውቀውን ጆሮው አወቀው። ያን ጊዜ በገዛ ራሱ ሳቀ።

በመጨረሻ ቆቃ ደርሶ ከሐይቁ ዳር ቆመና፥ «ከሁሉ ይህ ብቻ እንደ ጥንቱ ቀረልኝ» አለ። አጠገቡ የነበረ አንድ ሽማግሌ ግን፥ «ልጄ፥ አንተ ውኃውን ታውቃለህ፤ እኔ ከውኃው በታች ያለውን ሣር አውቃለሁ» ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው። ሐይቁ አዋሽ በ1952 ዓ.ም. ተገድቦ የተሠራ ነው፤ ገንዘቡም ኢጣልያ ለጦርነቱ ከከፈለችው ካሣ ነበር። 43 ሜጋዋት ያህል ኃይል አስገኝቶ ለከተሞች መብራት ሲሰጥ፥ የከብት አርቢዎችን ግጦሽና እርሻ ውጦ ቀርቷል።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ጥንት የሚለው በልጅነቱ ያየውን ነው። ለተመላሹ ጥንት የሆነው ለሽማግሌው ለውጥ ነበር፤ ለሕፃኑም ዛሬ ያለው ነገ ጥንት ይሆናል። ስለዚህ ለውጥ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ግጦሹ በውኃ የተዋጠበት ሰው ያለው አቤቱታ የፍርድ ነገር ነው፤ ዘመን ስላለፈም አይሻርም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ ባለ መሬቱን ሲያስለቅስ ጭሰኛውን እልል አሰኝቷል፤ ይህንም የሚመዝን የሁለቱን ቃል መስማት አለበት። ስምና ፊደል ተለወጠብኝ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ናፍቆት ነው። ናፍቆት ኃጢአት አይደለም፤ ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ ግን ስሕተት ነው።

አቤሜሌክም በለሱ ትኩስ የሆነው ስለ ተኛ ነው፤ የነቁት መከራውን አይተዋል። ቢሆንም በለሱ ከንቱ አልሆነም፤ ሽማግሌው ያመነው በለሱን አይቶ ነውና። አቤሜሌክም በከተማዪቱ መለወጥ አልተሳደበም፤ ከበለሱ አንሥቶ ለሽማግሌው ሰጠው። ተመላሽም እንዲሁ ቢያደርግ ይገባዋል፤ ያስታወሰውን ያካፍል፥ ተኝቶ ያለፈውንም ከነቁት ይስማ።