ታናሹ ያየውን ታላቁ ይስማ

«ዝም አይነቅዝም» ሲሉ አባቶቻችን አስተምረውናል። ይህ ቃል ሐሜትንና ነገረ ሠሪነትን ለመከልከል የተነገረ በመሆኑ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የሰው ሕይወት በሚጠበቅበት በሕሙማን ቤት ዝምታ ይነቅዝ ወይም አይነቅዝ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

በእንግሊዝ አገር፥ በስታፎርድ ከተማ በነበረው ሆስፒታል፥ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ዓ.ም. ብዙ ሕሙማን ተበደሉ። ውሃው እጃቸው በማይደርስበት ስፍራ ተቀምጦ ይጠሙ ነበር፤ ባደፈ አንሶላ ላይ ተኝተው የሚያነሣቸው ያጡም ነበሩ። ነገሩን እንዲመረምሩ የተሾሙት የሕግ ዐዋቂ ሮበርት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. 290 ምክሮችን የያዘ መግለጫ አወጡ። በዚህም መግለጫ አለቆቹ ለገንዘብና ለቍጥር ሲጨነቁ ሕመምተኛውን እንደ ረሱ፥ ሠራተኞቹም ለመናገር ይፈሩ እንደ ነበር ተገለጠ። ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል የገባ ሰው በ4 ሰዓት ውስጥ ታክሞ እንዲሰናበት ወይም አልጋ እንዲይዝ የሚያዝ ደንብ ነበረ፤ ሰዓቱ ያለፈ እንደ ሆነ ከሥራ እንደሚወጡ ለነርሶች ይነገራቸው እንደ ነበር ተመስክሯል። ከታናናሾቹ መካከል ደፍረው ያመለከቱ አልጠፉም፤ የሚሰማቸው ግን አላገኙም።

ታናሹ ሠራተኛ ታላቁ የማያየውን የሚያይበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥበብ ስለ በዛለት አይደለም፤ ዐይኑ ገና ስላልለመደ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሕመምተኛው ጩኸት ልቡን ይወጋዋል፤ በመቶኛው ቀን ግን ጩኸቱ እንደ በር ድምፅ ይሆንበታል። እንግዲህ ታናሹ ምስክር ሆኖ የሚቈየው ለጥቂት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ያልተጠየቀ እንደ ሆነ፥ ወይ ትቶ ይሄዳል፥ ወይ ይለምዳል። የለመደውም በተራው አለቃ ሆኖ ሌላውን ዝም ያሰኛል።

ይህን በመረዳት ይመስላል፥ ብሩስ ኪዮ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. 14 የሆስፒታል ድርጅቶችን ሲመረምሩ፥ ከአንጋፎቹ ጋር ወጣት ሐኪሞችንና የነርስ ተማሪዎችን በመርማሪነት አሰለፉ።

«ወጣት ችኩል ነው፤ ያልበሰለ ፍርድ ይፈርዳል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ፍርዱ ለታላቁ ይሁን። ነገር ግን ምስክሩን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ማን ነው? ወጣቱም ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ፥ በአክብሮት ይናገር፤ ታላቅን ማክበር እውነትን መሰወር አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከአንጋፋነት ማዕርግ ያልደረሱት ሐኪሞች ሲጠሩበት የኖረው «ጁኒየር»፥ ማለት ታናሽ፥ የሚለው ስም ተለውጧል። የስም መለወጥ መልካም ነው፤ ጆሮ ካልተከፈተ ግን ስም ብቻውን ሕመምተኛውን ውሃ አያጠጣውም።

አንባቢ ሆይ፥ አንተም በሥራ ቤትህ ከሥርህ የሚታዘዝ ሰው ቢኖር፥ ዐይኑ ሳይለምድ «ምን አየህ?» ብለህ ጠይቀው። መልሱ ቢያሳፍርህም አትቈጣ። ያንተ እፍረት ያልፋል፤ በዝምታ ምክንያት የሞተ ሕመምተኛ ግን አይመለስም።