ሌሊት ለሚያለቅስ ሕፃን የሚገባው

ትዕግሥት የሚባለው ጠባይ ሲወራለት ቀላል፥ ሲሠሩበት ግን ከባድ ነው። ባልንጀራው እያየው በቀን ታጋሽ መስሎ መታየት ለማንም አያቅትም። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው የሚያይም የሚያመሰግንም በሌለበት ሰዓት ነው። ከእነዚህም ሰዓቶች አንዱ፥ ሕፃን በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እየነቃ የሚያለቅስበት ሰዓት ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ይህ ነገር ዛሬ የማይመለከታችሁ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ነገ ወላጆች ትሆናላችሁና አስቀድማችሁ ብታስቡበት ይጠቅማችኋል።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው፥ ይህ ሕፃን በድሎናልን? የሚለው ነው። እንቅልፉን ያጣ ሰው «ይህ ልጅ አስቸጋሪ ነው፥ አመለኛ ነው» ሲል ይሰማል። ነገሩን ግን እንመርምረው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት በጠቅላላው ከ14 እስከ 17 ሰዓት ያህል ይተኛል፤ ነገር ግን በአንድነት አይተኛውም። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ የጠባው ወተት ቶሎ ያልቅበታል፤ ስለዚህ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ይራባል። ደግሞም ቀንን ከሌሊት የሚለየው የሰውነት ሥርዓት ከሕፃኑ ጋር አብሮ አይወለድም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀስ በቀስ ይመሠረታል። ተንኮል ለመሥራት ዐሳብ ያስፈልጋል፤ ሕፃኑ ግን ያለው ረኀብ፥ ሙቀት፥ ሕመምና ፍርሃት ብቻ ነው፤ ለእነዚህም ሁሉ ያለው ቋንቋ አንድ ልቅሶ ነው። እንግዲህ ያልበደለንን መቆጣት ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ይህ ፈተና ይበልጥ ይከብዳል። ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛው ሙቀቱ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን አለ፤ ቤቱም በሌሊት ሙቀቱን ቶሎ አይለቅምና ብዙ ሰው አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ ይተኛል። በዚያን ጊዜ የአንዱ ቤት ልጅ ልቅሶ ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሁለተኛው ወባ ነው። ወባ የሚበረታው ክረምት ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲሆን፥ ሰሊጥ የሚታጨደውም በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ልጁ ለበሽታ በሚጋለጥበት ጊዜ ወላጁ በሥራ ይደክማል። ሦስተኛው የዘመድ መራቅ ነው። በደጋ አገር አራሷን እናቷ ወይም አማቷ አጠገቧ ሆና ገንፎ ታገነፋላታለች፥ ሕፃኑንም ተቀብላ ታባብልላታለች። ኑሮ ፍለጋ ወደ ቆላው የወረዱ ባልና ሚስት ግን ብዙ ጊዜ ይህ ረዳት የላቸውም።

ባል በዚህ ጊዜ የሚያቀርበው ምክንያት የታወቀ ነው፤ «እኔ ቀን ስሠራ እውላለሁ፥ ሌሊት ልተኛ ይገባኛል» ይላል። ይህ ነገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ የደከመ ሰው ማረፍ አለበት። ነገር ግን ሚስቱስ ቀኑን እንዴት ዋለች? ውሃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ለአጫጆቹ ምግብ አሰናድታ፥ ልጁን በአንቀልባ አዝላ ነው የዋለችው። ይህ ገበሬ የሰሊጥን ጠባይ ደኅና አድርጎ ያውቃል። ሰሊጥ በደረሰበት ቀን ካልታጨደ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ፍሬው መሬት ይረግፋል። ስለዚህ ገበሬው «ደክሞኛልና ሰሊጡ ይጠብቀኝ» አይልም፤ ሌሊት ተነሥቶ ማጭዱን ይይዛል። ለሰሊጥ የተቻለ እንቅልፍ ማጣት ለልጅ ሲሆን እንዴት አይቻልም? ማጥባት የእናት ብቻ ነው፤ ጨርቅ መለወጥ፥ ደረት ላይ አስደግፎ ማስገሳት፥ እሹሩሩ ብሎ ማስተኛት ግን ለአባት ክንድም አይከብድም። ሁለቱ ሌሊቱን ቢካፈሉት እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ ያገኛሉ።

ሌላው ስሕተት ዝምታን እንደ ጤና መቁጠር ነው። በአሜሪካ አገር ከ1849 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የወይዘሮ ዊንስሎ ማስታገሻ ሽሮፕ» የሚባል መድኃኒት ለሚያለቅሱ ሕፃናት ይሸጥ ነበር። ልጁ ሲቀምሰው ወዲያው ዝም ይላል። በውስጡ የነበረው ግን ሞርፊን ነው፤ ዝም ካሉትም ሕፃናት ተመልሰው ያልነቁ ነበሩ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1911 እ.ኤ.አ. ይህን ሽሮፕ ሕፃን ገዳይ ካላቸው መድኃኒቶች ጋር ቈጠረው። ከዚህ የምንማረው፥ ለራሳችን ዕረፍት ብለን ሕፃኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚያስተኛ መድኃኒት ወይም በመጠጥ ዝም ማሰኘት እንደማይገባን ነው። ልቅሶው መልእክተኛ ነው፤ መልእክቱን ሳይሰሙ መልእክተኛውን ማፈን ከንቱ ነው።

ፍቅር ዕውቀት ካልተጨመረበት ይሳሳታል። በሙቀት ወራት «ጠምቶት ነው» ብለው ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ውሃ የሚሰጡ አሉ። የእናት ጡት አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሌላ አያስፈልገውም፤ ያልጠራ ውሃ ግን በሽታ ያመጣበታል። ሕፃኑ በጀርባው ተኝቶ በአጎበር ውስጥ ይደር፤ በግቢ ሲተኛም አጎበሩ አይቅር። ገላው ከጋለ፥ ጡት እንቢ ካለ፥ ወይም ልቅሶው ከወትሮው ከተለየ፥ ያ የረኀብ ልቅሶ አይደለምና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በዚያን ጊዜ «ይታገሥ» ማለት ትዕግሥት ሳይሆን ቸልታ ነው።

ስለ ቁጣም ጥቂት ልናገር። እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ቁጣ ቢመጣበት ክፉ ሰው ሆነ አይባልም፤ ቁጣ ለማንም ይመጣል። የሚፈረድብን ከመጣ በኋላ በምናደርገው ነው። ሕፃንን በቁጣ መነቅነቅ ከቶ አይገባም፤ አንገቱ ገና ስላልጠና አንጎሉ ሊደማና ሊሞት ይችላል። እጃችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ልጁን በጀርባው አጋድማችሁ ጥቂት ደቂቃ ራቅ በሉ፥ ፊታችሁን ታጠቡ፥ ወይም ሌላ ሰው ቀስቅሱ። እንዲህ ማድረግ ልጅን መተው አይደለም፤ ከራስ ቁጣ መጠበቅ ነው።

ጎረቤትስ? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። በሌሊት የሕፃን ልቅሶ ሰምቶ በማግስቱ የሚያጕረመርም አለ፤ «ትንሽ ተኚ፥ እኔ ልያዝልሽ» የሚልም አለ። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። እንዲህ ያለች ስደተኛ እናት አያትም እኅትም አብረዋት ላይኖሩ ይችላሉ። የሕፃን ልቅሶ ግን በአማርኛም በዐረብኛም አንድ ነው፤ የሰማው ሁሉ ይረዳዋልና፥ መርዳት የሚችልም ሁሉ ባለዕዳ ነው።

መተማ በታሪክ የምትታወቀው አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ተዋግተው ስለ ወደቁባት ነው። እንዲህ ያለውን ጀግንነት ታሪክ ይጽፈዋል። ሌሊት ተነሥቶ ልጅ የሚያባብለውን ሰው ግን ማንም አይጽፈውም፤ ልጁ ራሱ እንኳ አያስታውሰውም። ታዲያ ዋጋው ምንድን ነው? ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሏል። ዛሬ ይህን የምታነቡ ሁላችሁ፥ አንድ ሰው በማታስታውሱት ሌሊት ተነሥቶላችሁ ነበር። ያን ዕዳ ለእናታችሁ ልትመልሱላት አትችሉም፤ እርሷን በሌሊት አዝላችሁ አታባብሏትምና። የሚመለሰው ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ነው። ስለዚህ ልቅሶው ሲቀሰቅሳችሁ፥ ተራው ደርሷችኋልና ሳታጕረመርሙ ተነሡ።