ያልገጨነው ልጅ

 

ባለፈው ጁምዓ ረፍዶብኝ ከጎፈር ሜዳ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ የማውቀው ልጅ ነው። «ኹጥባው ሳይጀመር ቶሎ በል» አልኩት። «ኡስታዝ፣ አያስቡ፣ አደርስዎታለሁ» አለኝ። ከአስፋልቱ ወጥተን በመኖሪያ ቤቶች መሐል ወደሚያልፈው ኮብልስቶን ታጠፍን፤ ፍጥነቱ ግን የአስፋልቱ እንደሆነ ቀረ። አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ኳስ ተከትሎ ከአጥር ወጣ። ፍሬኑ ጮኸ። ጎማው ከልጁ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። እናቱ ሮጣ ወጥታ አቀፈችውና ወደ እኛ ዞራ «ስለቆማችሁልኝ አላህ ይስጣችሁ» አለች። ሹፌሩ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነም» ብሎ ነዳ። ኹጥባው ላይ ደረስኩ፤ ከኹጥባው ግን አንድም ቃል አልሰማሁም።

እውነት ምንም አልሆነም?

ኳሱ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ቢወጣስ? የኛ ሥራ ያው ነው፤ ያው ጥድፊያ፣ ያው ኮብልስቶን፣ ያው «ቶሎ በል»። ልጁ ግን ሞቷል። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ መሠረት፣ ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ለቤተሰቡ ካሳ ይከፍላል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት ካልቻለ ደግሞ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ካሳው የሟች ቤተሰብ ሐቅ ነው፤ ሟች ከሌለ ካሳ የለም። ከእኛም የሚጠበቅ ጾም የለም። ጥፋቱ ግን ከመርጫችን ጋር ነው የሚሄደው፤ የመረጥነው ደግሞ ፍጥነቱን ነው። ኳሱ መቼ እንደሚወጣ አልመረጥንም። ስለዚህ ልጁ በመትረፉ አላህን ማመስገን አንድ ነገር ነው፣ «አልገጨንም» ብሎ ራስን ነፃ ማውጣት ሌላ።

«ቀደር ነው፣ አጀሉ ካልደረሰ አይሞትም» የሚሉ ወጣቶች አሉ። አጀሉስ እውነት ነው። ግን ያው ቀደርን ያስተማረን ቁርኣን ነው ሳያስብ የገደለውን ሁለት ወር የሚያስጾመው። ቀደር ከተጠያቂነት የሚያወጣ ቢሆን ጾሙ ለምን ኖረ?

ሂሳቡም ቀላል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ 14ቱ ሜትር ያለ ፍሬን አለቀ። በ30 ከሆነ 8 ሜትር ነው። በአንድ የሰፈር መንገድ ላይ የስድስቱ ሜትር ልዩነት የአንድ ቤት በር ነው።

ፈጥኖ መሄድ በራሱ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻው ሐጅ ከዐረፋ ሲመለሱ ሰዎች ግመሎቻቸውን እየመቱ ሲያጣድፉ ሰምተው፣ እንዲረጋጉ በአለንጋቸው ጠቁመዋል። ስለ እሳቸው አካሄድ ኡሳማ ኢብን ዘይድ ሲናገር ደግሞ በመጠነኛ ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር፣ ገላጣ ቦታ ሲያገኙ ግን ፈጠን ይሉ እንደነበር አስተላልፏል። ሁለቱም በሶሒሕ አል‑ቡኻሪ አሉ። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ የሚወስደው ገላጣ መንገድና ልጆች የሚጫወቱበት የሰፈር ኮብልስቶን አንድ አይደሉም ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1993 ብሩናይ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ሕጎችን ማክበር ሸሪዓዊ ግዴታ መሆኑን ወስኗል።

እኔን ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ኢቃማ ሰምተን እንኳ ወደ ሶላት ስንሄድ እንዳንሮጥ፣ በእርጋታ እንድንሄድ ታዘናል። ይህን ሐዲስ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! በእግሬ አልሮጥኩም፤ በሰው ባጃጅ ነው የሮጥኩት። ሹፌሩን ብቻ እንዳልወቅስ ያደረገኝም ይኸው ነው። «ቶሎ በል» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያረፈድኩትም እኔ ነኝ።

ያቺን እናት እስካሁን ሄጄ አላናገርኳትም። ያመሰገነችን በማይገባን ነገር ነው። ዛሬ ከቤት አንድ ሰዓት ቀድሜ፣ በእግሬ፣ በእሷ በር በኩል ነው የምሄደው። ምን እንደምላት ገና እያሰብኩ ነው።