ማፈርን ማን አስተማረን?

እህቶቼ፣ ዓርብ ዕረፍት ያገኘን ሴቶች ዲራ ስንገናኝ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ከተማ ገብታ የእናቷን ቋንቋ የተወች ልጅ ጥፋተኛ ናት ወይስ አይደለችም? አንዷ "ማን ከለከላት? ራሷ ናት የጣለችው" ትላለች። ሌላዋ "እንጀራ ፍለጋ የወጣች ምን ታድርግ?" ትላለች። እኔ የአዊ ልጅ ነኝ፣ አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል። ሁለቱም መልስ ግማሽ ግማሽ ነው የሚመስለኝ።

ከሕጉ እንጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና ይሰጣል። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፈተ። አዊ ዞን ውስጥ ልጆች በአገውኛ የሚማሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት በሱ ነው። አያቶቻችን ይህን አላገኙም። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ቢያስተምርም፣ አገውኛ ከ15ቱ ውስጥ አልነበረም።

ግን ይህ መብት ከቦታው ጋር የታሰረ ነው። ልጁ እንጅባራ እስካለ ድረስ ቋንቋው አብሮት ክፍል ይገባል። እናቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይዛው ከሄደች ቋንቋው ደጅ ይቀራል። እዚያ ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የአገው፣ የሀዲያ፣ የከምባታ ልጅ ግን የቤቱን ቋንቋ ቤት ትቶ ነው የሚሄደው።

"ማን ከለከላት?" ለምትለው እህቴ መልሴ ይህ ነው፤ ከተማ በሕግ አይከለክልም፣ በሳቅ ነው የሚከለክለው። አዲስ አበባ ሰው ቤት ስሠራ አንድ ቃል በሳትኩ ቁጥር የቤቱ ልጆች ይስቁ ነበር። ገበያ ላይ ከአገሬ ልጅ ጋር በቋንቋችን ስናወራ "ኧረ በሰው ቋንቋ አውሩ!" የሚል አይጠፋም ነበር። እናንተም ሰምታችሁታል። ቋንቋሽ የሰው አይደለም ማለት እኮ ነው። ይህን ስትሰማ ያደገች ልጅ የራሷን ልጅ ስትወልድ በቋንቋዋ አታናግረውም። ቋንቋዋን ጠልታ አይደለም፤ ልጇን ከዚያ ሳቅ ልታድነው ነው። ታዲያ ጥፋቱን በሷ ላይ ብቻ መጫን ፍርድ ነው?

ዲራ ላይ ደግሞ ነገሩን ተገልብጦ እናየዋለን። በመስመክ ግንብ ዙሪያ ስንሄድ ኡርዱውም፣ ቤንጋሊውም፣ ዐረብኛውም ይሰማል። አማርኛ እዚህ ትንሽ ቋንቋ ነው። ስልክ ስናወራ ማዳም "ምንድነው የምትይው? በዐረብኛ አውሪ" ስትል ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ቤት ያስተዳደርን፣ ልጅ ያሳደግን፣ የተማርን ሴቶች ዐረብኛ ስለሰበርን ብቻ እንደማናውቅ እንቆጠራለን። በአማርኛ አፏን የፈታች እህቴ ሪያድ ላይ የቀመሰችውን፣ የኔ ብጤዋ አዲስ አበባ ላይ ቀምሳዋለች። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ሕመሙን አሁን ሁላችንም ስለምናውቀው ልንነጋገርበት እንችላለን ብዬ ነው።

"ቋንቋ አያበላም" የምትል አትታጣም። እንዲያውም ያበላል፤ አማርኛ አዲስ አበባ አብልቶኛል፣ ዐረብኛ እዚህ ያበላኛል። የከተማውን ቋንቋ መማር ክህደት አይደለም። ግን አዲሱን ለማስገባት የድሮውን ማስወጣት የለብንም፤ ጭንቅላት እንደ አውሮፕላን ሻንጣ በኪሎ አይመዘንም።

ትምህርት ቤቱ ካልተከተለን ማን ይከተለናል? ማኅበር ነው የምለው። አዲስ አበባ የገቡ ጉራጌዎች በእድራቸው ተሰባሰቡ፤ በ1950ዎቹም የመንገድ ሥራ ድርጅት መሥርተው ከተማ ሠርተው ባዋጡት ገንዘብ ለአገራቸው መንገድና ትምህርት ቤት ሠሩ። የኛም የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ጥር 23 በዓሉ ሲከበር አገውኛ ከነክብሩ አደባባይ ይወጣል። ያን ቀን በቋንቋው የሚያፍር የለም።

ከሩቅም ምሳሌ አለ። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝቦች ማኦሪዎች ከገጠር ወደ ከተማ ሲጎርፉ ቋንቋቸው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ድሮ ትምህርት ቤት በማኦሪ ያወራ ልጅ ይቀጣ ስለነበር ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው ሳያስተምሩ ቀሩ። በፈረንጆች 1982 ግን አያቶች ሕፃናትን ሰብስበው በማኦሪ ብቻ የሚያሳድጉበት ቦታ ተከፈተ፤ ስሙንም እንደ ወፍ ጎጆ "የቋንቋ ጎጆ" አሉት። ቋንቋው በሕግ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ የሆነው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ከሕጉ በፊት ያላፈሩ አያቶች ነበሩ።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ቋንቋዋን የተወችው ልጅ ዕዳ አለባት፤ የሳቀባት ግን የባሰ ዕዳ አለበት። ዕዳውን እንክፈል። አገር ቤት ልጅ ያላችሁ፣ በኢሞ ስትደውሉ በእናታችሁ ቋንቋ አናግሩት፤ አያቱም ተረት ትንገረውና ቅዱላት። አማርኛ ብቻ የምትችሉ ደግሞ አጠገባችሁ ያለችው በቋንቋዋ ስታወራ አትሳቁ፣ "ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ጠይቋት። ማዳም አንድ ቀን እንዲህ ብላ ስለኛ አማርኛ ብትጠይቀን ደስታችንን እናውቀዋለን።