የቆመች ኳስ፦ ጎልፍ፣ ገናና የእርጋታ ጥያቄ

ጎልፍን ከአብዛኞቹ የኳስ ጨዋታዎች የሚለየው የሜዳው ስፋት ወይም የመሣሪያው ውድነት ሳይሆን፣ ኳሷ ሳትንቀሳቀስ ተጫዋቹን የምትጠብቅ መሆኗ ነው። በእግር ኳስም ሆነ በቴኒስ ኳሷ ወደ ተጫዋቹ ትመጣለች፤ እርሱም ለመጣበት ነገር መልስ ይሰጣል እንጂ ለማሰላሰል ፋታ አያገኝም። የጎልፍ ተጫዋች ግን ክብደቷ 46 ግራም የማትሞላ ኳስ ሣር ላይ ተቀምጣ ያገኛታል፤ የሚነጥቀውም ሆነ የሚገፋው የለም። በ18 ጉድጓዶች የሚጠናቀቅ አንድ ሙሉ ጨዋታ አራት ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በትሩ ኳሷን ለመምታት የሚወዛወዝባቸው ቅጽበቶች ቢደመሩ ግን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው፤ የቀረው ጊዜ የእግር ጉዞና ሐሳብ ነው። የጨዋታው አእምሯዊ ገጽታ የሚባለው ነገር በሙሉ ከዚህ ትርፍ ጊዜ የሚመነጭ ሲሆን፣ ጥያቄውም የሚገታው ባላጋራ በፊቱ የሌለ ሰው የሚታገለው ከማን ጋር ነው የሚል ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ ማነጻጸሪያ የሚሆን ጨዋታ በደቡብ ጎንደር ደጋ አለ። ከጉና ተራራ ግርጌ በፋርጣና በጋይንት፣ እንደ ብዙው የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ የልደት በዓል ሰሞን ሰብል በተነሣለት ማሳ ወይም በግጦሽ መስክ ላይ ገና ይመታል። መሣሪያው ጫፉ የቆለመመ ዱላ ሲሆን፣ ኳሷ ደግሞ ሩር ወይም ጥንግ የምትባል፣ ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከቆዳ የተሠራች ድቡልቡል ነገር ናት። ዱላና ትንሽ ኳስ መሆናቸው ሁለቱን ጨዋታዎች ዘመዳሞች ያስመስላቸዋል፤ በአእምሮ ረገድ ግን ተቃራኒዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ሩሯ አገዳና ጓል እያነጠራት ስትፈተለክ፣ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው እየተጋፉ ስለሚከተሏት፣ ማንም ቆሞ የክንዱን አኳኋን አይመረምርም፤ መርምሮ ሲጨርስ ሩሯ ሄዳለች።

በገና ሜዳ ላይ ቁጣ አይጠፋም፤ ቅልጥሙን በዱላ የተመታ ሰው ይቆጣል፣ የሚቆጣበትም ሰው ፊቱ ቆሟል። ነገር ግን ልማዱ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል፤ ጌታ እንኳ በገና ጨዋታ እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀ ብሂል ሎሌው ጌታውን በጨዋታ ቢመታው ቅጣት እንደማይከተለው የሚደነግግ ያልተጻፈ ሕግ ነው። የብሂሉ ጥልቀት ጌታውን «ራስህን ግዛ» ብሎ ከመምከር ይልቅ ቁጣው የሚያርፍበትን ማዕረግ ለዚያች ቀን ከላዩ ማንሣቱ ላይ ነው። ጌታው የማይቆጣው በዚያ ሰዓት ጌታ ስላልሆነ ነው። እርጋታ ማለት ሰው በጭንቅ ሰዓት ከውስጡ ቆፍሮ የሚያወጣው ሀብት ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይናጋል፤ መንደሩ ከጨዋታው በፊት ያዘጋጀው እርጋታም አለና።

ጎልፍ ይህን ስንቅ አይሰጥም። የሳተው ሰው የሚቆጣው በራሱ ላይ በመሆኑ፣ አንዱ ሰው ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው መቺ ሌላው ዳኛ ይሆናል፤ ዳኛውም ያለፈውን ምት ፈርዶ ከመነሣት ይልቅ የሚቀጥለውን ምት ከመቺው እጅ ነጥቆ ራሱ ሊመታ ይሞክራል። የችግሩ ሥር ያለውም በዚህ ነው፤ በልምምድ የሰረጸ የአካል ዕውቀት ሲመረምሩት ይበተናልና። የደብረ ታቦር በዓል በሚከበርበት በነሐሴ 13 ሰሞን ጅራፍ የሚያጮኽ እረኛ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ጅራፉ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ነው፤ እዚያ ፍጥነት ላይ የሚያደርሰው ግን የክንድ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በጅራፉ ላይ የሚነሣው ማዕበል ከእጀታው ወደ ጫፉ በሚሄድበት ቅጽበት እጅን ገታ ማድረግ በመሆኑ፣ በኃይል ብቻ የሚስበው ጀማሪ ነፋስ ከመምታት አያልፍም። ያ ቅጽበት መቼ እንደሆነ እረኛው ቢጠየቅ በቃል ለመመለስ ይቸገራል፤ እያጮኸ ሳለ ቢጠየቅማ ጅራፉም ሳይጮኽ ይቀራል።

የሥነ ልቡና ተመራማሪዎችም ይህንኑ በጎልፍ ፈትነውታል። ሻን ባይሎክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ፓት በሚባለው ኳሷን በዝግታ ወደ ጉድጓዱ የማንከባለል ምት ላይ ጀማሪዎችን ፍጠኑ ሲሏቸው ሲበላሽባቸው፣ የሠለጠኑት ግን በፍጥነት ሲመቱ ይበልጥ ያነጣጠሩ ሆነው ተገኝተዋል። ለጀማሪው ጊዜ ረዳት ነው፤ ለባለሙያው ግን ዳኛው የሚገባበት ክፍተት ነው። በዚሁ ምት ላይ የልምድ ባለቤቶችን እጅ ድንገት የሚያንዘፈዝፈውና ተጫዋቾች ዪፕስ የሚሉት ችግርም ቢያንስ በከፊል ከዚሁ ምርመራ ጋር ይያያዛል።

ከዚህ ተነሥቶ «አታስብ» የሚለው ምክር በጎልፍ አሠልጣኞች ዘንድ ተስፋፍቷል፤ ምክሩ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ጎልፍ በሚዘወተርባት በአዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ኳሷ ይበልጥ ትርቃለች፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ታቦር ከተማ ደግሞ ልዩነቱ የባሰ ይሆናል። ይህን ሳያሰላ የሚመታ ሰው አእምሮው የቱንም ያህል ቢጸዳ ከጉድጓዱ ማዶ ያሳልፋታል። እንግዲህ ማሰብ የሚጎዳው ሰዓቱን ሲስት ነው፤ ነፋሱን፣ ርቀቱንና የበትሩን ዓይነት መወሰን ከምቱ በፊት የሚያልቅ ሥራ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ሐሳብ ጥርጣሬ እንጂ ስሌት አይደለም።

ባይሎክና ቶማስ ካር እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ነገሩን ወደ ገና ሜዳ ይመልሰዋል። በካሜራ እየተቀረጹ፣ ማለትም ሌላ ሰው እንደሚያያቸው እያወቁ የተለማመዱ ሰዎች፣ ኋላ ጫና ሲመጣ ሳይደናገጡ ቀርተዋል። ይህ ለጋይንት አዲስ አይደለም። የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንቷ ቤተልሔም ተማሪው ዜማውን የሚያጠናው በመምህሩና በጓደኞቹ ጆሮ ሥር ሆኖ፣ በየዕለቱ እየታረመ ነው፤ እንዲህ ያደገ ደብተራ በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ሲቆም የሰው ዓይን እንግዳ አይሆንበትም። ለብቻ የተገኘ የሚመስለው ጽናት እዚህም ላይ የማኅበር ሥራ ሆኖ ይገኛል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉን ውድቀት በአእምሮ ማሳበብም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1999 ካርኑስቲ ላይ በተካሄደው የብሪታንያ ክፍት ሻምፒዮና ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ ሦስት ምት እየመራ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ደረሰ፤ በስድስት ምት ቢጨርስ ዋንጫው የእርሱ ነበር፤ በሰባት ጨረሰና በመለያው ተሸነፈ። ታሪኩ የልብ መክዳት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ይኖራል፤ ነገር ግን አንዷ ኳሱ የተመልካቾች መቀመጫ ላይ ነጥራ ወደ ኋላ ተመልሳ ረጅም ሣር ውስጥ መግባቷ የእርሱ ስንፍና አልነበረም። ስቶይኮች የሚባሉት የጥንት ፈላስፎች ቀስተኛው በሚገባ ማነጣጠር እንጂ ዒላማውን መምታት በእጁ እንዳልሆነ ያስተምሩ ነበር፤ ለጎልፍ ከዚህ የቀረበ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል።

ጎልፍ ተጫዋቹን ብቻውን የሚተወው በክብር ጉዳይም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ክፍት ሻምፒዮና ቦቢ ጆንስ ሊመታ ሲሰናዳ ኳሷ በጥቂቱ ስትንቀሳቀስ አየ፤ ሌላ ያየ አልነበረም፤ በራሱ ላይ አንድ የቅጣት ምት አስቆጥሮ ኋላ በመለያ ጨዋታ ዋንጫውን አጣ። መቺውንና ዳኛውን በአንድ አካል ውስጥ ያኖረው ጨዋታ፣ ያን ክፍፍል እንደ ሕመም ብቻ ሳይሆን እንደ ሕግም ይዞታል ማለት ነው፤ ምቱን የሚያበላሸው ዳኛ ቅጣቱን የሚመዘግበውም ነው። የጎልፍ ሕግ ከዚህ ብቸኝነት የፈቀደው መውጫ ጠባብ ነው፤ በግል ውድድር ተጫዋቹ ስለ አመታቱ ምክር መጠየቅ የሚችለው ካዲ የሚባለውን፣ በትሮቹን የሚሸከምለትን አንድ ሰው ብቻ ነው።