እሾኹን ተሸክመን እንዳንጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕዝቡን ሲያስተምር ሩቅ አልሄደም። በሰናፍጭ ቅንጣት፣ በእርሾ፣ በበለስ፣ በእሾህና በኩርንችት አስተማረ። ገበሬው ማሳው ላይ፣ እናት ጓዳዋ ውስጥ የሚያዩትን አንሥቶ ሰማያዊውን ምሥጢር ገለጠላቸው። እኛም በዚህ ጾም አንድ ሣር ልናይ ነው። ሣር ምን ያስተምራል እንዳትሉ፤ ብዙ ያስተምራል።

ሣሩ ምን ዓይነት ነው?

ገጠር ያደጋችሁ ጭጎጎትን ታውቁታላችሁ። ከመስክ ስትመለሱ ቀሚሳችሁ ላይ፣ ጋቢያችሁ ላይ፣ የበጉ ጠጉር ላይ ተለጥፎ የሚመጣው ነው። መቼ እንደያዛችሁ አታውቁም፤ ቤት ገብታችሁ ስትቀመጡ ነው የሚታወቃችሁ። ዛሬ የምናየው ሣር ከጭጎጎት ጋር በዘር አይገናኝም፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ሴንክረስ ይሉታል። ሞቃትና ደረቅ፣ በተለይ አሸዋማ መሬት ይወዳል። በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአሜሪካም፣ በአውስትራሊያም ይበቅላል። በአገራችን ቆላም ከወገኑ የሆኑ ሣሮች አሉ። አንዳንዶቹ ፍሬያቸው ለስላሳ ጠጉር ብቻ ያለው፣ ለከብት መልካም መኖ የሚሆኑ ናቸው። እሾኻሞቹ ግን ዘራቸውን በሹል እሾህ ከበው የሚይዙ ናቸው።

ይህ እሾኻም ሣር ለጋ ሳለ ሲያዩት ሌላ ሣር ይመስላል። ለምለም ነው፤ ከብትም ይግጠዋል። ጠባዩ የሚታወቀው ፍሬ ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ የከብቱን አፍ ይወጋል፣ የበጉን ጠጉር ያበላሻል፣ የእግረኛውን እግር ያቆስላል።

ተሸካሚ ይፈልጋል

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህ ሣር እግር የለውም። ክንፍም የለውም። ታዲያ እንዴት ከአገር አገር ሄደ? ተሸካሚ አግኝቶ ነው። የሚያልፈውን እንስሳ ይይዛል፤ የሚያልፈውን ሰው ልብስ ይይዛል። ተሸካሚውም ሳያውቅ ገበሬው ይሆንለታል፤ እሾኹ በወደቀበት ስፍራ በቀጣዩ ዝናብ አዲስ ሣር ይበቅላል።

ቂም እንዲህ አይደል? ቂም ብቻውን የትም አይሄድም። እኔና እናንተ ካልተሸከምነው ባለበት ደርቆ ይቀራል።

እስቲ ሁለት ወንድማማቾችን እናስብ። አባታቸው ባወረሳቸው ቤት ተጣሉ። ዐሥር ዓመት አለፈ፤ አይነጋገሩም። ሁለቱም ግን ጾመኞች ናቸው። ሁለቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያሉ፤ ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ያስቀድሳሉ። አንዱ በምሥራቅ በር ሲገባ ሌላው በምዕራብ በር ይወጣል። ይህም ብቻ ቢሆን ጉዳቱ የሁለቱ ነበር። ልጆቻቸውን ተመልከቱ! የአጎታቸው ስም ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል። ምን አደረጋችሁ ብትሏቸው አያውቁትም። ቤቱ ሲከፈል አልተወለዱም ነበር። ታዲያ ያን እሾህ ማን ዘራባቸው? አባቶቻቸው ናቸው፤ በልብሳቸው ይዘውት ገብተው ማዕድ ላይ አራገፉት። «ያ አጎትህ እኮ...» እያሉ በየምሽቱ ያወሩት ወሬ በልጆቹ ልብ በቀለ። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን ሲጽፍ መራራ ሥር በቅሎ ብዙዎችን እንዳያረክስ ያስጠነቀቀው (ዕብ. 12፥15) ይህንኑ ነው። አንዱ የተሸከመው ብዙዎችን ይወጋል።

ከሥጋና ከወተት ተከልክለን ቂም ብንሸከም ምን ረባን? ነቢዩ ኢሳይያስ እየጾሙ የሚጣሉትንና የሚማቱትን ሕዝቦች የገሠጸው ለዚህ ነው (ኢሳ. 58)። ሆዳቸው ጾመ፤ እጃቸውና ምላሳቸው ግን ፈሰኩ።

መግባቱ ቀላል፣ መውጣቱ ከባድ

የዚህን ሣር እሾህ ቀርቦ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በእሾኹ ላይ ወደ ኋላ የዞሩ ደቃቅ ጥርሶች አሉ። ሲገባ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲወጣ ይቧጥጣል። በጥድፊያ ከጎተቱት ጫፉ ተሰብሮ ቆዳ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ሄይንሪሽ ባርት የተባለ ጀርመናዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ዓመታት ከሰሃራ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሲያቋርጥ ይህ ሣር ምን ያህል እንዳስቸገረው ጽፏል። የአገሩ ሰዎች ታዲያ እሾኹን የሚነቅሉባት ትንሽ ወረንጦ ከእነርሱ እንደማትለይ መዝግቧል። ልብ በሉ! እሾህ በበዛበት አገር የሚኖር ሰው ወረንጦውን ቤት ትቶ አይወጣም። «አይወጋኝም» ብሎ አይመካም፤ እንደሚወጋ ያውቃል፤ ሲወጋም ሳይውል ሳያድር ይነቅላል።

እኛስ የምንኖርባት ዓለም እሾኻም አይደለችም? ወረንጦአችን ንስሐ ናት። እሾኹን በጥንቃቄ የሚያወጣልን ደግሞ የንስሐ አባታችን ነው። ብዙዎቻችን ግን የንስሐ አባታችንን የምናስታውሰው ለክርስትናና ለተዝካር ነው። እሾኹ ገብቶ መግል እስኪቋጥር እንቆያለን። ሐዋርያው በቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይጠልቅ ያዘዘው (ኤፌ. 4፥26) የዕለቱን እሾህ በዕለቱ ንቀሉ ሲለን ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ሣር በአንዱ እሾኻም ፍሬ ውስጥ ከአንድ በላይ ዘር ሊኖር ይችላል። አንዱ ቀድሞ ሲበቅል ሌላው አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ገበሬው ነቀልኩ ብሎ ሲያርፍ በሌላ ጊዜ ብቅ ይላል። «ይቅር ብዬው ነበር፤ ሳየው ግን ተመልሶ መጣብኝ» የምትሉ፣ ተስፋ አትቁረጡ። ይቅርታችሁ ውሸት ነበር ማለት አይደለም። የተኛው ዘር በቅሎ ነው፤ እንደገና ንቀሉት። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ጾሙን በየዓመቱ የምታውጅልን ማሳው በየዓመቱ መታረም ስላለበት ነው። ደግሞ ብልህ ገበሬ ሣሩን የሚነቅለው ፍሬ ሳይይዝ፣ ገና ለጋ ሳለ ነው።

ነቅለን የት እንጥላለን?

እሾኹን ከልብሱ ነቅሎ መንገድ ላይ የሚጥል ሰው ራሱን አሳርፎ ሌላውን ወጋ። ዘሩንም ዘራ። በአግባቡ የሚያስወግድ ሰው ግን ሰብስቦ እሳት ውስጥ ይጨምረዋል።

«ልቤን ላቅልል» ብለን ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ፣ በስልክም ለሩቅ ዘመድ የምናወራው ነገር አለ። ይህ መንገድ ላይ መጣል ነው። ሰሚው ተሸክሞት ይሄዳል። ቂማችሁን በጸሎት እግዚአብሔር ፊት አፍስሱት፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩት፤ ምክር ካስፈለጋችሁ ምሥጢር ለሚጠብቅ አስተዋይ ሰው አዋዩት። ያ እሳት ውስጥ መጨመር ነው።

«በደሉ እውነት ከሆነስ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ እውነት ሊሆን ይችላል። ይቅርታ ማለት በደል አልተፈጸመም ማለት አይደለም። መብታችሁን በሽማግሌም በሕግም መጠየቅ ትችላላችሁ። ነገር ግን ርስታችሁን ስትጠይቁ ወንድማችሁን አትጥሉ። ቤቱ ቢመለስላችሁና ወንድማችሁ ባይመለስላችሁ ምን አተረፋችሁ? ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ ያዘዘው (ማቴ. 5፥23-24) የተቀየመውን ብቻ ሳይሆን ሌላው የተቀየመበትንም ሰው ነው።

በእሾኹ ውስጥ እህል አለ

ሣሩን ሰድበን ብቻ አንለፍ። በባርት ዘመን የቱዋሬግ ሰዎች የዚህን ሣር ዘር ይመገቡት ነበር። ሰብስበው፣ ወቅጠው፣ እሾኹን ለይተው ምግብ አደረጉት። የሚወጋው ነገር ሲወቀጥ እህል ወጣው።

ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል። ሊኔየስ የተባለው ስዊድናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1753 መጽሐፉ ሴንክረስ ያለው ኬንክሮስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙም እንደ ዳጉሳ ያለ ደቃቅ እህል ማለት ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በከበባ ምሳሌ እየመዘነ ይበላው ዘንድ በታዘዘው እንጀራ ውስጥ ከሚገቡት እህሎች አንዱን (ሕዝ. 4፥9) የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም በዚሁ ቃል ይጠራዋል። በእኛ ዘመንም እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ቡልቱግ የምንለውን እህል ከዚህ እሾኻም ሣር ጋር በአንድ ወገን መድበውታል። እሾኹና እህሉ ዘመዳሞች ናቸው!

እንግዲህ የጎዳችሁን ሰው ስታስቡ ይህን አስቡ። ውጪው እሾህ ሆኖባችኋል፤ ውስጡ ግን እግዚአብሔር የፈጠረው እህል አለ። የእኛም ጠባይ እንዲሁ ነው። ጾምና ስግደት ሙቀጫችን ናቸው፤ እሾኻችንን ከእህላችን ይለዩልናል።

ምድር በአዳም በደል እሾህን እንድታበቅል ተፈረደባት (ዘፍ. 3፥18)። ጌታችን በዕለተ ዓርብ ያንን እሾህ አክሊል አድርገው ሲደፉበት በራሱ ላይ ተቀበለው፤ መልሶ ግን ማንንም አልወጋበትም። ለሰቀሉትም ምሕረትን ለመነ። እሾህ መንገዱን ያቆመው በእርሱ ላይ ነው። የእርሱ ከሆንን በእኛም ላይ ይቁም፤ ከእኛ ወደ ልጆቻችን አይለፍ።

ሆሳዕና ሳይደርስ፣ ትንሣኤም ሳይመጣ፣ ዛሬ ማታ ነጠላችሁን ስታጥፉ ልባችሁን ዳስሱ። የተጣበቀ አለ? ስልኩን አንሡ፤ ወይም ተነሥታችሁ ሂዱ። በሩን ቢዘጋባችሁ እንኳ እናንተ እሾኹን ነቅላችኋል።

እግዚአብሔር አምላካችን ጾሙን የይቅርታና የበረከት ያድርግልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በፍቅር ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።